ለልጄ፦ ዝም ስላልክባቸው ሦስት ቀናት

ልጄ፣

ትናንት ፊት ለፊት ላወራህ ፈልጌ ቃል አጠረኝ። ስለዚህ ልጻፍልህ።

እነዚያ ሦስት ቀናት ከዓይኔ አልጠፉም። ስልክህ በነዘረ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። ገልብጠህ ታስቀምጠዋለህ፣ መልሰህ ታነሳዋለህ። ምን ሆንክ ስልህ "ደክሞኝ ነው" አልከኝ። አመንኩህ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ "እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አልክ። ሁለት ወር ሙሉ በስልክ በፍቅር ያወራሃት፣ የግል ፎቶህን የላክህላት ልጅ ከመጀመሪያውም አልነበረችም፤ አጭበርባሪ ነበር። መልእክቱን አሳየኸኝ፦ የምታውቃቸው ሰዎች ስም ተደርድሯል፣ ከሥሩ "እስከ ማታ ካልከፈልክ ፎቶህን ለሁሉም እለቀዋለሁ" ይላል። የእኔ ስም አራተኛው ላይ ነበር።

ልጄ፣ ተበዳዩ አንተ ነህ። ለማጽናናት ብቻ አይደለም እንዲህ የምልህ፣ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ብዙ አገሮች ውስጥ ፎቶው ባይለቀቅም ማስፈራራቱ ብቻውን ያስቀጣል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2024 ያጸደቀው የሳይበር ወንጀል ስምምነትም የሰውን የግል ምስል ያለፈቃዱ ማሰራጨትን በወንጀልነት አስፍሮታል። ፈርተህ የላክህለት ገንዘብም ቢሆን "ወዶ ሰጠ" አይባልም። ተታልሎና ፈርቶ የሰጠ ሰው ተበድሏል።

ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ልናቀርብ የሄድን ቀን የተቀበለን ሰውዬ "አንተስ ለምን ላክህ?" ሲልህ አንገትህን ደፋህ። ያኔ አፌ ተሳሰረ እንጂ መልስ ነበረኝ። ለምትወደው ሰው ነው የላክኸው። ፎቶ መላክህ ለማንም የማስፈራራት ፈቃድ አይሰጥም።

ከድንጋጤህ ግማሹን ቻት አጥፍተሃል። አልቆጣህም። የቀረውን ግን እንዳትነካው። ስክሪንሹት ስታደርግ ቀኑና የአካውንቱ ስም ይታይ። የፕሮፋይሉን ሊንክ ለብቻው ገልብጠህ አስቀምጥ፤ ስምና ፎቶ በደቂቃ ይቀየራል፣ ሊንኩ ግን ፖሊስን ወደ አካውንቱ ሊመራው ይችላል። ገንዘብ የላክህበትን ደረሰኝም ያዝ። ብሎክ የምታደርገው ይህን ሁሉ ከያዝክ በኋላ ነው። ኩባንያዎቹ መረጃን ለዘላለም አያስቀምጡም፣ ለዚህ ነው የማጣድፍህ።

ሁለተኛ እንዳትከፍል። የመጀመሪያውን ስትልክ እጥፍ ነበር የጠየቀህ፣ አይደል? የከፈለን ሰው አይለቁም።

ስለ ፎቶው ደግሞ፣ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። በ2021 የተጀመረ ነው፣ 18 ዓመት ለሞላቸው። ምስሉ ከስልክህ አይወጣም። እዚያው ስልክህ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ ኮድ ይሠራለታል፣ የሚላከው ኮዱ ብቻ ነው። እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉት በኮዱ ለይተው ያግዱታል። ኮዱን ያልተቀበሉ ድረ ገጾች ላይ አይሠራም። ቢሆንም አብዛኞቹ ጓደኞችህ ያሉት እነዚህ ላይ ነው።

"ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ ትንሽ ክፈል" የሚል ቢመጣ አትመልስለት። የተዘረፈን ሰው እየፈለጉ ዳግም የሚዘርፉ አሉ። ለባንኩ ዛሬውኑ እኔ እደውላለሁ።

ነገ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያው ተመልሰን እንሄዳለን። ማመልከቻውን ጽፌዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንብበውና የጎደለውን ጨምርበት። ቃልህን ስትሰጥ አጠገብህ ነኝ።

እናትህ