ቁም ሳጥን አይደለም፤ እልፍኝ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጸሎትና ስለተናጋ ትዳር የሚሠሩ መንፈሳዊ ፊልሞችን የተቸውን ዘገባችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን?» ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። ዘጋቢያችሁ «ዋር ሩም» ስለሚባለው ፊልም ሲጽፉ፣ ባለታሪኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ባሏ እንዲመለስላት የምትለማመጥ ሴት ናት ብለዋል።

ቁም ሳጥን! እኔ የማውቀው ቁም ሳጥን አዲስ አበባ እናቴ ቤት ግድግዳ ተደግፎ የቆመው፣ አንዱ በሩ የማይገጥመው ዕቃ ነው። ሰው አይገባበትም። እዚህ አሜሪካ ክሎዜት የምንለው ግን ልብስ የሚሰቀልበት፣ በርና መብራት ያለው፣ ቆመን የምንገባበት ጠባብ ክፍል ነው። ይህን ለማወቅ እዚህ የሚኖር አንድ ሐበሻ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

«በአንድ ቃል ይህን ያህል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ በአንድ ቃል። ፊልሙ ያንን ክፍል የወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል 6፥6 ነው። በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ቃሉ ራሱ ክሎዜት ነው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ወደ እልፍኝህ ግባ» ይላል። እልፍኝ የቤት ጌታ የሚያርፍበት፣ ተፈቅዶለት ካልሆነ ማንም ዘው የማይልበት የክብር ቦታ ነው። ዘጋቢያችሁ እልፍኙን ቁም ሳጥን ሲያደርጉት ጸሎቱም መደበቅ ሆነ፣ ሴቲቱም ፈሪ ሆነች። ከዚያ በታች ያለው ሐተታ በሙሉ የተመዘዘው ከዚህ ስሕተት ነው።

እስቲ ፊልሙን እንመልከተው። ባለታሪኳ ኤልዛቤት ቤት አሻሻጭ ናት፤ የራሷ ገቢ አላት፣ የባሏን እጅ አታይም። ባሏ ቶኒ የመድኃኒት ሻጭ ነው፤ ናሙና መድኃኒት እየደበቀ ይሸጣል፣ ዓይኑም ሌላ ሴት ላይ አርፏል። ሚስቱ ስለጸለየች ብቻ ሁሉም ተሰርዞለት ያልፋል? አያልፍም! ከሥራው ይባረራል። ከዚያም የሰረቀውን መድኃኒት ይዞ፣ እስር ሊከተለው እንደሚችል እያወቀ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ይመልሳል። ይህ ትዕይንት በዘገባው ውስጥ የለም። ሚስት ተንበርክካ ስታለቅስ ለመጻፍ ቦታ ከተገኘ፣ ባል ጥፋቱን ሲናዘዝ ለመጻፍ እንዴት ታጣ?

«በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሁልጊዜ የምትታገሰው ሴቷ ናት» የሚለውም ትክክል አይደለም። «ዋር ሩም»ን የሠሩት ወንድማማቾች፣ አሌክስና ስቲቨን ኬንድሪክ፣ በ2008 ያወጡት «ፋየርፕሩፍ» ውስጥ ትዳሩን ለማዳን 40 ቀን ሙሉ የሚለፋው የእሳት አደጋ ሠራተኛው ባል ነው። ሚስቱ የፍቺ ወረቀት ትሰጠዋለች እንጂ ወዲያው አታምነውም። እሱ ጀልባ ልግዛበት ብሎ ያጠራቀመውን 24 ሺህ ዶላር ለታመመች እናቷ ያውለዋል። ይህን ያየ ሰው «ሁልጊዜ ሴቷ» ብሎ አይጽፍም። ዘጋቢያችሁ ፊልሙን አላዩትም ማለት ነው፤ ካዩትም ያዩትን አልጻፉም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ይኼ ነውና። ዘጋቢያችሁ ቤተ ክርስቲያናችን መጥተው 40 ደቂቃ አነጋግረውኛል። በዘገባው ላይ የወጣው ግን «ጸሎት ሁሉን ይፈታል የሚሉ ምእመናን አሉ» የምትል አንዲት መስመር ናት። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ያልኩትን እዚህ ልድገመው።

ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እኔ ቀን አረጋውያን እንከባከባለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል የምንገናኘው በር ላይ ልጆች ስንቀባበል ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ራት በልተው፣ ለእኔ «ቻዪው» ብለውኝ ሄዱ። ልብ በሉ፤ «ቻዪው» ያሉኝ ሰዎች ፊልሙን አላዩም። እናቴም «ቻዪው» የተባለችው ሲኒማ አይታ ሳታውቅ ነው። ፊልሙን ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ያየሁት በ2016 ነው። በማግስቱ ካፖርቶቹን አውጥቼ ክሎዜቱ ወለል ላይ ትራስ አነጠፍኩ። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ነጠላዋን ተከናንባ ዳዊቷን የምትደግመው ጓዳ ጥግ ነበር፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ጴንጤ። ሦስት ልጆች ባሉበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ግን የሚዘጋ በር ያለው ክሎዜቱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የጸለይኩት ጸሎት አልነበረም፤ ክስ ነበር። ያደረገውን፣ ያላደረገውን፣ ሳይነግረኝ ለወንድሙ የላከውን ገንዘብ ቆጠርኩ። ክሱ ሲያልቅብኝ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ ባሌ ከሥራ ሲመለስ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። በመስኮት አይቼው አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚቀመጥ ግን ጠይቄው አላውቅም። አንድ ንጋት ሻይ ይዤ ወረድኩና ጎኑ ተቀመጥኩ። እናቱ ስትሞት የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ሊቀብራት አልሄደም ነበር። ቤታችን ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ የተጽናና መስሎኝ ነበር። የሚያለቅሰው ግን መኪና ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላም ተጣልተናል፤ አማካሪ ዘንድም ሄደናል። ፊልሙ በሁለት ሰዓት የጨረሰውን እኛ በአራት ዓመት አልጨረስነውም፣ በዚህ ዘጋቢያችሁ ቢተቹት እስማማለሁ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ደግሞ መጀመሪያ 911 ደውላ ፖሊስ ትጥራ፣ ልጆቿን ይዛ ትውጣ፣ ከዚያ የሚዘጋ በር ያለበት ቤት ሆና ትጸልይ። ይህንንም ለዘጋቢያችሁ በግልጽ ነግሬያቸው ነበር፤ መቅረጫቸው ላይ አለ።

ሌላው ያለፋችሁት ነገር፦ ዘገባው ይህን ሁሉ «የነጭ ወንጌላውያን ፋሽን» ይለዋል። ሠሪዎቹ ነጮች መሆናቸው እውነት ነው። ግን በ2015 በ3 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ70 ሚሊዮን በላይ ያስገባው «ዋር ሩም» ዋና ተዋናዮቹ ጥቁሮች ናቸው። ሚስ ክላራ የምትባለዋ ጥቁር ባልቴት ወለሉን እየተራመደች ስትጸልይ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ «ይቺማ የእኛ ናት» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ዘገባችሁ እሳቸውንም እኔንም አላየንም።

ቃሉን አርሙልኝ። ዘጋቢያችሁም ክሎዜቱን ማየት ከፈለጉ ስልኬ አላቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

የሦስት ልጆች እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ