ለሰሚራ፦ ስለላክሽው የምራቅ ቱቦ

ልጄ ሰሚራ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሰው የላክሽው ዕቃ ደርሶናል። የደም ግፊቱን መድኃኒት ጀምሬዋለሁ። አንዱ በኔ፣ ሌላው በአክስትሽ በጦይባ ስም የመጡትን፣ ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቅ የሚሰበሰብባቸው ቱቦዎች ያሉባቸውን ሁለት ካርቶኖች ግን አልከፈትኳቸውም፤ አልከፍታቸውምም። በስልክ ብነግርሽ መሐል ላይ እያቋረጥሽ ስለምትሞግቺኝ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

የጦይባን ልጅ ሰኢድን በዚህ ምርመራ ለመፈለግ መነሣትሽ ደስ አሰኝቶኛል። በ77 ረሃብ ከመጠለያው ሲጠፋ ገና አፉን በቅጡ ያልፈታ ሕፃን ነበር። አንዱ ሞቷል ይላል፤ ሌላው ከሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ውጭ ወስደውታል ይላል። ጦይባ ዛሬም ሰደቃ ስታወጣ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ ታስጠራና የእሱ ተራ ሲደርስ ትዘለዋለች። ፓርላማው በጥር 2010 የውጭ ጉዲፈቻን እስኪከለክል ድረስ ከዚህ አገር ስንት ልጅ ወጥቷል። ከእነሱ መካከል አድገው ወላጆቻቸውን ለማግኘት ለነዚህ የዲኤንኤ መርማሪ ኩባንያዎች ምራቃቸውን የሰጡ አሉ። ስለዚህ ፍለጋው ከንቱ ነው አልልሽም። ምራቅም አልጠላም፤ ሽማግሌ እትፍ እትፍ ብሎ ሲመርቀኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ነው የምቀበለው።

ግን የላቦራቶሪ ሰው መሆኔን አትርሺ። የአክታ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ልጅ ሆነሽ አይተሻል፦ መለያው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ ይጻፋል፤ ክዳን ይቀያየራላ። ስላይዱ ይነበባል፣ ውጤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የተረፈው አክታ ይቃጠላል። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መልሱ ከተገኘ ናሙናው የለም። እንዲያም ሆኖ ሚስጥር ይወጣ ነበር። የአንዲት ልጅ የቲቢ ውጤት እንደምንም ሾልኮ ሠፈር ደረሰና ኒካሟ ቀረ። ልጅቷ ታክማ ዳነች። ወሬው ግን ወደ እህቶቿ ተዛመተ፤ «የዚያ ቤት ልጆች» እየተባሉ ስንት ዓመት ቆዩ።

ቲቢ እንኳ እንዲህ ካደረገ፣ ይህ ከነአካቴው የቤተሰብ ነገር ነው። ካንቺ ዲኤንኤ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የእናትሽ ነው። ስትልኪው እኛንም ላክሽን ማለት ነው፤ ከኔ በኩል ጦይባን፣ አጎትሽን ይማምንና ልጆቹን ጭምር። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ጉዳዩን አነሣሁት። ይማም አልወደደውም። ምክንያቱን አልጠየቅሁትም፤ ለመጥላት ምክንያት መስጠት ያለበትም አይመስለኝም።

ከነዚህ ኩባንያዎች አንዱን፣ ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የሚባለውን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰርጎ ገቦች የከፈቱት 14 ሺህ ገደማ አካውንት ብቻ ነበር። እሱንም የከፈቱት ሰዎቹ ሌላ ቦታ በተጠቀሙበትና ቀድሞ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነው። ከዚያ ግን ዘመድ ከዘመድ በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል ገብተው የ6.9 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወሰዱ፤ ስም፣ የዝምድና መጠን፣ የአንዳንዱንም የትውልድ ዓመትና መኖሪያ አካባቢ። የብዙኃኑ የይለፍ ቃል አልተነካም፤ የተጋለጡት በዘመዶቻቸው በኩል ነው። ለሽያጭ ሲያወጡትም በዘር ለይተው ነበር፦ የአሽከናዚ አይሁዶች ዝርዝር፣ የቻይና ተወላጆች ዝርዝር።

ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ቆየሁ። እኛ በቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የምትል መስመር ይዘን የኖርን ሰዎች ነን። ያቺ መስመር ኬላ ላይ ሰውን ምን እንደምታስጠይቅ አንቺ ባትደርሺበት እኛ ደርሰንበታል። ወሎዬ ደግሞ ተቆጥሮ የሚያልቅ ዘር የለውም፤ ያያትሽ እናት አርጎባ፣ የእናትሽ ወገን ከቦረና ሳይንት፣ ባንዱ ቤት መሐመድና ገብሬ ወንድማማች ናቸው። የዘራችንን ፐርሰንት ነገር ጓጉተሽ ስትነግሪኝ የሳቅሁትም ለዚህ ነው። እነሱ የሚሰጡሽ ቁጥር በእጃቸው ካሉ ሰዎች ናሙና ጋር አመሳስለው የገመቱት ነው፤ ስሌታቸውን ሲያሻሽሉ ያንቺም ቁጥር ይለወጣል። ብዙውን ጊዜ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ብለው ባንድ ስም ያልፉታል። ያን ያህሉንማ ሳትከፍዪ እኔ እነግርሽ ነበር።

ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደንበኞች መረጃቸውን እንዲያስጠፉና ናሙናቸውን እንዲያስወግዱ አሳሰበ። በመጨረሻ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው አን ዎጂትስኪ የምትመራው፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገዢው ክፉ ነው አላልኩም። ሰዎቹ ፈርመው ምራቃቸውን ሲሰጡ ግን አንድ ቀን ሐራጅ ላይ ይውላል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

የፖሊሱን ነገር አንቺው ነሽ ያነሣሽልኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዐሥርታት ተሰውሮ የኖረው ነፍሰ ገዳይ ጆሴፍ ዲአንጀሎ የተያዘው ሩቅ ዘመዶቹ ጄድማች የሚባል የዲኤንኤ መረጃ ቋት ውስጥ ስለነበሩ ነው። እሱስ የእጁን ነው ያገኘው። በሚቀጥለው ዓመት ቋቱ ደንቡን ቀየረና ፖሊስ የፈቀደለትን ሰው ብቻ እንዲያይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሰርጎ ገብ የፈቃዱን ምርጫ ገለባበጠውና እምቢ ያሉትም ለጥቂት ሰዓት ተከፈቱ። እንግዲህ እምቢታሽን የሚጠብቅልሽ አንድ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም በእጅሽ አይደለም።

እዚያ ያለሽበት አገር፣ አሜሪካ፣ ጂና የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2008 ሕግ የጤና መድን ድርጅትና ቀጣሪ በዘረ መል መረጃ እንዳያገልሉሽ ይከላከልልሻል። የሕይወት መድንን ግን አይነካም። ቤት ስትገዢ የሕይወት መድን እገባለሁ ብለሽኝ አልነበር? እሱን ሳትጨርሺ የጤና ውጤት የሚባለውን ጥቅል እንዳታዝዢ።

እኛም ሕግ አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዘረ መል መረጃን በጥብቅ ከሚጠበቁት ይመድበዋል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ለጥናት ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ሳይኖር ንቅንቅ አይልም ነበር። አንቺ የላክሽው ቱቦ ግን ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ በቦሌ ሊወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የአክስትሽ ምራቅ አያስፈልግሽም። ሰኢድ ላንቺ የአክስት ልጅ ነው፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ከዲኤንኤያቸው በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ። ልጅ ወልዶ ልጁ ቢመረመር እንኳ ወደ 6 በመቶ ይሆናል። በዚህ መጠን ያለ ዘመድ ከዚህ ምርመራ አያመልጥም፤ የሚያስቸግረው ከዚያ የራቀው ነው። የኔ ቢጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል እንጂ አዲስ በር አይከፍትም። ያንቺ ብቻውን ይበቃል።

ጦይባ ደግሞ ማንበብ አትችልም። የስምምነቱን ቅጽ በስሟ ሞልተሽ «እስማማለሁ» የሚለውን የምትጫኚው አንቺ ነሽ። ልጅሽን እናገኛለን ካልናት እንኳን ምራቋን ዓይኗንም ትሰጣለች፤ እንዲህ ካለ ሰው ፈቃድ ተቀበልኩ ማለት ያሳፍራል። ሥራ ላይ ሳለሁ በሽተኛ አውራ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት እስኪገባው ድረስ አስረዳው ነበር። ይህን ለጦይባ ማን ያስረዳታል? እኔም ገና ግማሹ ነው የገባኝ።

ያንቺን ለመላክ ከወሰንሽ አልከለክልሽም፤ የይማምን ቅሬታ እኔ እይዘዋለሁ። ግን ሙሉ ስምሽን አትስጪ፤ የኔንና የመንደራችንን ስም የቤተሰብ ዛፍ ላይ አትጻፊ። የይለፍ ቃሉ ሌላ የትም ያልተጠቀምሽበት ይሁን፤ በስልክ የሚመጣውንም ማረጋገጫ ክፈቺ። ለምርምር ትፈቅጃለሽ ወይ ሲሉሽ እምቢ በዪ፤ አንዴ ጥናት ውስጥ የገባ በኋላ ቢሰርዙትም ከተሠራው ጥናት አይወጣም። ውጤቱ ሲደርስሽ ናሙናው እንዲወገድ ጠይቂ። ላቦራቶሪ በሕግ ግዴታ የሚያስቀምጠው መዝገብ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቱቦው ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲጠብቅ አይኑር። ፋይሉን አውርደሽ ሌላ ቋት ላይ መጫን የሚባለውን፣ ከሁሉም በላይ እሱን ተዪው። ዘመድ ማገናኛውን ግን መክፈት አለብሽ፤ ያ ካልተከፈተ መላኩ ትርጉም የለውም። አደጋው እዚያው ላይ እንደሆነ ግን እወቂ፤ ዓመት ያህል ጠብቀሽ ምንም ካልመጣ ዝጊው።

ሌላም አለ። ያላሰብሽው ስም ሊወጣ ይችላል። በየቤቱ ሽማግሌዎች ይዘውት የሚሞቱት ነገር አለ፤ የኛ ቤትም ከሌላው አይለይም። እንዲህ ያለ ከመጣ ለማንም አትጻፊ፣ ለወንድሞችሽም አትንገሪ፤ ለኔ ደውዪ። ሰኢድን የሚመስል ከወጣም ቸኩለሽ «አክስቴ እናትህ ናት» እንዳትዪው፤ ጉዲፈቻ መሆኑን ያልነገሩት ሰው ሊሆን ይችላል። በአጭሩ ጻፊለትና መልሱን ጠብቂ። ለጦይባ የምነግራት እኔ ነኝ። በስልክ አይሆንም፤ ሐይቅ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ።

ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ደውዪልኝ፤ መብራት ካለ ስልኬ ክፍት ነው።

አባትሽ
ደሴ