የሙዚቃ ቤት ከመታሸጉ በፊት ድምፁ ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመሀል አዲስ አበባ በምሽት የሙዚቃ ቤቶችና በጎረቤቶቻቸው መካከል ያለው ውዝግብ እየከረረ መጥቷል። ነዋሪው እንቅልፍ አጣሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። ባለቤቱ ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ በሩን ያሽጋል፣ ቤቱ ተቀጥቶ ይከፈታል። ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ ግን የነበሩት ናቸውና ጩኸቱም አቤቱታውም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይህን የምንጽፍላችሁ በመድረክ ድምፅና በቀጥታ ሙዚቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ቤቱ ሲሠራ ለድምፅ ታስቦ ካልተሠራ፣ ቅሬታ ሲመጣም በመሣሪያ ካልተለካ፣ ማሸግ ለማንም እንቅልፍ አይመልስም።

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሳበት ምክንያት አለን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። ስሙ ከሀገር ውጭ ሳይቀር የሚታወቀው የአዝማሪ ቤት ፈንዲቃ ከካዛንቺስ ቦታው ተነሥቷል። ከዚያ ቀደም ሲል የጃዝ ቤቱ ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል በተነሳው ቃጠሎ ወድሟል። የቀጥታ ሙዚቃ አሁን የሚገባው ለሱቅና ለቢሮ ተብለው በታነጹ ሕንፃዎች ምድር ቤትና የላይኛው ፎቅ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ፣ ላዩና ታቹ ደግሞ ሰው የሚተኛበት ቤት ነው።

የድሮዎቹ ቤቶች ያለ ብዙ ጠብ የኖሩት በአጋጣሚ አልነበረም። ዋልያስ ባንድ በሒልተን ሲጫወት፣ በጊዮን ሆቴል አዳራሾች ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፈር፣ በመድረኩና በቅርቡ መኖሪያ ቤት መካከል ሰፊ ግቢ ነበር። በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። በ10 ሜትር የተሰማው በ80 ሜትር ላይ በ18 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይደርሳል ማለት ነው። አዝማሪ ቤቶቹ ደግሞ ማሲንቆና ከበሮ ብቻ ይዘው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በወፍራም የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በዚያችው ስፋት ባለች ክፍል ውስጥ ሁለት ባለ 18 ኢንች ሰብውፈር (የወፍራም ድምፅ ማጉያ) ይቆማል።

ጎረቤትን የሚያስነሳው የዘፋኙ ድምፅ አይደለም፤ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ክራርና የሰው ድምፅ ከፍተኛ ድግግሞሽ ስላላቸው ልስን ያለው ብሎኬት ያቆማቸዋል። 50 ኸርዝ ላይ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ ግን የሞገዱ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ግድግዳውን ራሱን፣ ወለሉንና የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት ግድግዳውን በስፖንጅ ወይም በእንቁላል ካርቶን መሸፈን ነው። ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል። 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ የክፍሉን የውስጥ ማስተጋባት፣ ያውም የላይኛውን ድምፅ ብቻ ያለዝባል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አያቆምም። ከዚህ የከፋው ደግሞ እሳት ነው። እሳት እንዲቋቋም ያልታከመ ስፖንጅ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን በመርዛማ ጭስ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ 100 ሰዎች፣ በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ 242 ሰዎች በምሽት ክበብ ቃጠሎ ያለቁት ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈ ስፖንጅ ከመድረክ ርችት እሳት ይዞ ነው። የከተማዋ እሳትና አደጋ መከላከል ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህችን ብቻ ቢፈትሽ ትልቅ ሥራ ሠራ እንላለን።

ድምፅን የሚያቆመው ክብደት፣ ክፍተት አለመኖርና የሁለት ግድግዳ አለመነካካት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በሁለቱም በኩል ሲለሰን 50 ዴሲቤል ገደማ ያግዳል፤ ካልተለሰነ ግን በብሎኬቱ ቀዳዳና በመገጣጠሚያው ብዙ ያፈሳል። ክብደቱን እጥፍ ማድረግ በስሌት 6 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ ግድግዳ እያወፈሩ መሄድ አያዋጣም። የሚያዋጣው ሁለተኛ ግድግዳ ነው፦ ከብሎኬቱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በራሱ የብረት ማዕቀፍ የሚቆም፣ ሁለት ድርብ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ የተመታበት፣ መሀሉ በሮክውል (ከድንጋይ በተሠራ ጥጥ መሰል መሙያ) የተሞላ። ማዕቀፉ በአንዲት ብሎን እንኳ ብሎኬቱን ከነካ ቤዙ በዚያች ብሎን በኩል ይሻገራል። ኮርኒሱም እንደዚሁ በጎማ ማንጠልጠያ መሰቀል አለበት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቤት ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ጣሪያው ካልተሠራ ልፋቱ ባዶ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚናቀው በር ነው። 20 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ግድግዳ ላይ ከበሩ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ ያ ክፍተት የግድግዳው አንድ ሺሕኛ ብቻ ነው። ግድግዳው 50 ዴሲቤል የሚያግድ ቢሆንም በዚያች ክፍተት ሰበብ የሁሉም አቅም ወደ 30 ይወርዳል። መፍትሔው ሙሉ እንጨት ወይም በአሸዋ የተሞላ የብረት በር፣ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ፣ ከሥሩ የሚወርድ ጎማ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሁለት በርና በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሜትር መተላለፊያ ነው። ደንበኛ ሲገባ ሁለቱ አብረው እንዳይከፈቱ በር ጠባቂው ይህን አውቆ መቆም አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልታሰበ ሁሉም ይፈርሳል፦ አየር። ክፍሉ በደንብ ሲዘጋ ሰው ይታፈናል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን አስተናጋጁ መስኮት ይከፍታል፤ ያ ሁሉ ወጪ በዚያች መስኮት ይወጣል። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ብንቆጥር፣ 150 ሰው ለሚይዝ ቤት በሰዓት 5,400 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህ አየር መግባትና መውጣት ያለበት ሰፊ ሆኖ ውስጡ በሮክውል በተለበጠና ቢያንስ ሁለት ጊዜ በታጠፈ ቱቦ ነው። ጠባብ ቱቦ ላይ ትልቅ ፋን ከተገጠመ ፋኑ ራሱ ሌላ ጩኸት ይሆናል።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። በሀገሪቱ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የቀጥታ ሙዚቃ የሚሞቀው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚገባ ወረዳው አስቀድሞ በጽሑፍ ካላሳወቀ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

አለካኩም ላይ ስህተት ይፈጸማል። መለኪያው ቤቱ በር ላይ ተይዞ መኪናና ሰው እያለፈ የሚገኝ ቁጥር ምንም አይናገርም። መለካት ያለበት በቅሬታ አቅራቢው መስኮት ላይ፣ አንድ ጊዜ ሙዚቃው እየተጫወተ፣ አንድ ጊዜ ቆሞ ነው፤ ልዩነቱ የቤቱ ድርሻ ነው። መሣሪያው እንደ ሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ በሚያሳንሰው በ«ኤ» ሚዛን ብቻ ከተነበበ፣ 63 ኸርዝ ላይ ያለውን ቤዝ በ26 ዴሲቤል አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩ «ሕጋዊ» ሊሆን ይችላል። ቤዙን እምብዛም በማይቀንሰው በ«ሲ» ሚዛንም ደግሞ ይነበብ። የሁለቱ ልዩነት ከ20 ካለፈ ችግሩ ቤዝ መሆኑን ባለሙያው ያውቃል፣ ለባለቤቱም ምን እንደሚያስተካክል በትክክል ይነግረዋል። በስልክ መተግበሪያ የተወሰደ ቁጥር ለማሸጊያ ማስረጃ መሆን የለበትም፤ የስልክ ማይክ የተሠራው ለንግግር ነው።

ከመድረኩ በኩል ደግሞ የእኛ የሙያ አጋሮች ብዙ ማድረግ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው ደረጃ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይላል። በትንሽ ክፍል ውስጥ ድራሙ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል፤ የተቀረው ባንድ እሱን ለመብለጥ ይጮኻል። በ80 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ ከድራሞቹ መካከል ከትልቁ በቀር ለሌሎቹ ማይክ አያስፈልግም፤ ከባዱን ዱላ በቀጭን የቀርከሃ ዱላ መቀየር ብቻውን መድረኩን ያረጋጋል። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳይጮኽ ሊጎላ የሚችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማንም የማይዘፍንበት ማይክ ይዘጋ። ማሲንቆ ፊት ለፊቱ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማበት ማጉያ) ሲደቀን ቆዳው ራሱ እንደ ማይክ ሆኖ ይጮኻል፤ ሞኒተሩ ወደ ጎን ይዙር። ዘፋኝ የማይኩን ጭንቅላት በእጁ መዳፍ ሲጨብጥ ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፤ ፊድባኩ፣ ያ የሚያፏጨው ጩኸት፣ ከዚያ ይመጣል።

ሰብውፈር በክፍሉ ማዕዘን አይቀመጥ፤ ማዕዘን ቤዙን በራሱ ያበዛዋል። በፎቅ ላይ ከሆነ ወለሉን በቀጥታ ሳይነካ በወፍራም ጎማ ላይ ይቁም። ከ40 ኸርዝ በታች ያለው በሚክሰሩ (በድምፅ ማቀናበሪያው) ይቆረጥ፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ክር ራሷ 41 ኸርዝ ስለሆነች ሙዚቃው የሚያጣው የለም፤ ጎረቤት ግን ያርፋል።

ስለ መብራት አጭር ነገር እናክል፤ ዕቃ የሚቃጠለው በብዛት በዚህ ነውና። በሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ከላላ 220 ቮልት መሆን የነበረበት መስመር እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ሚክሰርና ኪቦርድ በአንድ ቅጽበት ያልቃሉ። የኒውትራል መገጣጠሚያ በየጊዜው ይጥበቅ፣ ከፍተኛ ቮልት ሲመጣ የሚቆርጥ መከላከያ ይገጠም። ከማጉያው ሁም የሚል የመብራት ጉምጉምታ ሲሰማ የመሬቱን ሽቦ መቁረጥ የሰው ሕይወት ያስከፍላል፤ ጉምጉምታው የሚጠፋው በዲአይ ሳጥን (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ነው። ከጄነሬተር ወደ መብራት ኃይል ሲቀየር ቀድሞ የሚጠፋው ማጉያው፣ መጨረሻ ላይ የሚበራውም ማጉያው ነው።

ከከተማ አስተዳደሩ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በመልሶ ማልማት በሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ የሙዚቃ ቦታ ይመደብ፤ ሲመደብም ምድር ቤት ይሁን፣ ሁለት መውጫ ይኑረው፣ በሮቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ፣ የኋላው በር ሰው ሳይከፍል እንዳይወጣ ተብሎ በሰንሰለት አይቆለፍ። ማን ቀድሞ ነበር የሚለውም ይታይ። በአውስትራሊያ ሜልበርን ከ2014፣ በእንግሊዝ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከነባር የሙዚቃ ቤት አጠገብ መኖሪያ የሚገነባ ሰው የድምፅ መከላከያውን ራሱ ይሠራል፤ አዲስ የሙዚቃ ቤት የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ወጪው የእሱ ነው። እዚህም ቢሆን ዳኝነቱ ይቀላል።

አዲስ ቤት ልትከራዩ ላሰባችሁ ደግሞ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰብውፈር ወደ ባዶው ክፍል አስገቡ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ለጎረቤቶቹ አስቀድማችሁ ተናግራችሁ፣ 50፣ 63 እና 80 ኸርዝ ድምፅ ተራ በተራ ለአንድ አንድ ደቂቃ አጫውቱ። አንድ ሰው በላይኛው ፎቅ፣ አንድ ሰው በጎን ቤት፣ መስኮት ዘግቶ ያዳምጥ። በግልጽ ከሰማው ለሁለተኛው ግድግዳና ለኮርኒሱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከኪራዩ ጋር ደምሩና ከአከራዩ ጋር በዚያ ሒሳብ ተነጋገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመድረክ ድምፅና በቀጥታ ሙዚቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ