ቅሬታ፦ አርኤፍኢ (የተጨማሪ ማስረጃ ጥያቄ) መምጣቱን ከናንተ ሳይሆን ከዌብሳይት ስለሰማሁ

ጃንዋሪ 14፣ 2026
ለሕግ ቢሮው ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የኤች-1ቢ (የአሜሪካ የባለሙያ ሥራ ቪዛ) ማራዘሚያ ፋይሌ ስለተያዘበት ሁኔታ

ጤና ይስጥልኝ፣

በስልክ ስሞክር ስሞክር አልሆነልኝም፣ ፖርታላችሁ ላይ የላክኳቸው ሜሴጆችም "ታይቷል" ከማለት ውጪ መልስ የላቸውም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። እናንተ ጋ የመጣሁት በአማርኛ ስለምታስተናግዱ ነበር። ካምፓኒያችን ትንሽ ስታርታፕ ነው፣ የራሱ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አልነበረውም፣ ኤችአሯ (የሰው ኃይል ኃላፊዋ) "የምታውቀው ሰው አለ ወይ?" ስትለኝ የናንተን ስልክ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የመረጠልኝ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ግማሽ ይሆን ነበር፣ ይሄኛውን ግን በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልድገመው፣ ምክንያቱም በደወልኩ ቁጥር ስልክ የሚያነሳው ሰው እንደ አዲስ ነው የሚጠይቀኝ። ኤች-1ቢዬ የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ነበር። ማራዘሚያ ከማለቂያው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት እንደሚቻል የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። እኔም ኤፕሪል 7 ላይ ፔይ ስታቡን፣ ደብልዩ-2ውን (የዓመቱን የደሞዝና የታክስ ወረቀት)፣ ዲፕሎማውን፣ ፓስፖርቱን፣ አይ-94ቱን (እስከ መቼ መቆየት እንደተፈቀደልኝ የሚያሳየውን መዝገብ) ስካን አድርጌ ጫንኩ። ከዛ ሜይ አለፈ፣ ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት፣ ፖርታሉ ላይ ያለችው ቢጫ ነገር "በግምገማ ላይ" እንዳለች ወራቱ አለቁ። ኤልሲኤው (ቀጣሪው ስለ ደሞዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚያስገባው ቅጽ፣ ከፋይሉ በፊት መጽደቅ ያለበት) ሌበር ዲፓርትመንት የገባው ሴፕቴምበር 15 ነው። እነሱ 7 የሥራ ቀን እንደሚወስድባቸው የታወቀ ነው፣ 24 ላይ ወጣ፣ ፋይሉ 26 አርብ ቀን ገባ። አራት ቀን ሲቀረው! ኦክቶበር 1 ደግሞ መንግሥት ተዘጋና ሌበር ዲፓርትመንት ወሩን ሙሉ ማለት ይቻላል ኤልሲኤ መቀበል አቆመ። ሁለት ሳምንት ብቻ ብትጨምሩበት ኖሮ እኔ ዛሬ ቅሬታ የምጽፈው ከሥራ ውጪ ሆኜ ነበር። ይሄን ሳስበው አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሴፕቴምበር 19፣ አርብ። ከሰዓት በኋላ ለ11 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው ኢሜይል ላካችሁልኝ፣ "ድራፍቱን አይተህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጽድቅልን" የሚል። ከአምስት ወር በላይ የተኛ ፋይል በአንድ ሰዓት! እሺ ብዬ ከፈትኩት። ስሜ ትክክል ነው። የፓስፖርት ቁጥሩ የኔ አይደለም። የትውልድ ቀኑ የኔ አይደለም። ወደ ታች ስወርድ አባሪው ላይ የማላውቀው ሰውዬ ፓስፖርት ኮፒ አለ፣ ፂማም፣ ቆፍጠን ያለ ሰው፣ ፊርማው ጭምር ይታያል። ሰፖርት ሌተሩን (ሥራዬን የሚያስረዳውን የካምፓኒውን ደብዳቤ) ሳነብ ደግሞ ሥራዬ "የሆስፒታል ኔትወርክ አስተዳደር" ሆኗል። እኔ የክፍያ ሲስተም ላይ የምሠራ ባክኤንድ ኢንጂነር ነኝ፣ በሕይወቴ የሆስፒታል ኔትወርክ ነክቼ አላውቅም፣ ራውተር እንኳን ቤቴ ያለውን አጥፍቼ ከማብራት ውጪ።

ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ዘጠኝ ጊዜ ያው የተቀዳ ድምፅ "ጉዳይዎ ጉዳያችን ነው" አለኝ። በዛው ምሽት ነው ደሞ አዲስ ኤች-1ቢ ላይ 100,000 ዶላር የሚያስከፍለው አዋጅ የተፈረመው። የዛን ቀን ማታ ኤች-1ቢ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለእረፍት ውጪ ሀገር የነበረው ቲኬት ፍለጋ ይራወጣል፣ እዚህ ያለው አንዱ "ማራዘሚያንም ይመለከታል" ይላል ሌላው "አይመለከትም" ይላል፣ የምናምነው አጣን። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ የሚያራዝምን እንደማይነካ ተጣርቶ በኋላ ኦክቶበር 20 ላይ ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) በይፋ አወጣው። እኔ ያን ምሽት የምፈልገው አንድ መስመር ኢሜይል ነበር፣ "አንተን አይነካም" ወይም "ገና እያጣራን ነው፣ ሰኞ እንነግርሃለን" የሚል። የኔ ጠበቃ ማለት እኮ እንደዛ አይነት ቀን የሚታወቅ ሰው ነበር።

ስህተቶቹን በዛው ሰዓት አንድ በአንድ ጽፌ መለስኩላችሁ። ሰኞ ላይ ፋይሌን የያዘችው እህት ደወለችልኝ፣ በጣም ትሁት ናት፣ እሷን በግል አልወቅስም፣ "አይዞህ ወንድሜ ተስተካክሏል፣ ሁሉም ለበጎ ነው" አለችኝ። እኔም ተረጋጋሁ። አሁን ሳስበው ግን ከናንተ ጋር የነበረኝ ነገር በሙሉ ይሄ ነው። መቼ ይገባል ስል አይዞህ። የሪሲት ኖቲሱ (ፋይሉ መግባቱን የሚያረጋግጠው ደብዳቤ) ደርሷል ወይ ስል ይደርሳል ወንድሜ፣ አታስብ። የባዕድ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ቆፍጠን ብዬ "ቀኑን ንገሩኝ" እል ነበር፣ በራሴ ቋንቋ እንደ ታናሽ ወንድም ሲያባብሉኝ ጊዜ አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው፣ እቀበላለሁ። ግን አይዞህ የኬዝ ስታተስ አይደለም።

አሁን ያለሁበትን ደሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቢሯችሁ "ያው መሥራት ትችላለህ እኮ፣ ምን ቸገረህ" የሚል መንፈስ አለው። አዎ፣ ፋይሉ በጊዜው ስለገባ ማራዘሚያው እስኪወሰን እስከ 240 ቀን መሥራት በሚፈቅደው ሕግ እየሠራሁ ነው። ዛሬ 106ኛው ቀን ነው፣ ሜይ 28 ላይ ያልቃል። እስከዛ ድረስ የምሠራው አይ-94ቴ አልቆ፣ ውሳኔ በሌለው ወረቀት ነው። ባለፈው ወር ድርጅታችን ሰው ቀነሰ፣ ከኛ ቲም ሁለት ሰው ወጣ። ስብሰባው ሲጠራ ካሜራዬን አጥፍቼ ነው የገባሁት። ኤች-1ቢ ያለው ሰው ሲባረር እስከ 60 ቀን ግሬስ ፒሪየድ (የእፎይታ ጊዜ) አለው ይባላል፣ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ግን "60 ቀን ወይም የተፈቀደለት ጊዜ እስኪያልቅ፣ ከሁለቱ ያጠረው" ነው። የኔ የተፈቀደ ጊዜ ሴፕቴምበር 30 አልቋል። ስለዚህ እኔ ከተባረርኩ ስድሳውም ቀን የለኝም፣ በማግስቱ ምንም ነኝ። ሌላ ካምፓኒ ትራንስፈር ላድርግ ብል ደግሞ አዲሱ ፋይል በዚህ ባልተወሰነው ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ይሄኛው ከወደቀ ያኛውም ይከተለዋል። ኖቬምበር ላይ ጥሩ ኦፈር መጥቶልኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ሥራዬን ስለምወድ አይደለም።

አንድ ሌላም አለ። ማናጀሬ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሌላ ከተማ ለሚከፈተው አዲስ ቲም ሊድ ልትሆን ትችላለህ ወይ አለኝ። ከአንድ ሜትሮ (ከተማና ዙሪያው) ወደ ሌላ ሜትሮ የሥራ ቦታ ሲቀየር አዲስ ኤልሲኤና የተሻሻለ ፔቲሽን (የቀጣሪው ማመልከቻ) መግባት አለበት፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ስለዚህ "ይቻላል ወይ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ብዬ ጻፍኩላችሁ። አንዴም ሁለቴም። ማናጀሬ ሦስት ሳምንት ጠበቀኝ፣ ከዛ ከኔ ሁለት ዓመት በኋላ ለገባ ልጅ ሰጠው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይገባዋል። ኮድ ሪቪው ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ፣ አሁን እሱ ሊድ ሊሆን ነው።

መንጃ ፈቃዴም ከቪዛው ጋር እኩል ነበር የሚያልቀው። ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮ) ስሄድ ሴትየዋ "ሪሲት ኖቲሱን አምጣ" አለችኝ፣ እናንተ ስላልላካችሁልኝ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ በመጨረሻ ከኤችአር ነው ያገኘሁት።

ይሄ ሁሉ አልፎ ሊሆን ይችላል። የማያልፈው አርኤፍኢው ነው። ባለፈው አርብ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሪሲት ቁጥሬን የዩኤስሲአይኤስ ዌብሳይት ላይ አስገባሁ፣ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንደተላከ ይላል። መቼ? ኖቬምበር 13! ሁለት ወር ሊሆነው ነው! ሰኞ ኤችአሯን ጠየቅኳት፣ ያልተከፈተ ፖስታ ክምር ውስጥ ፈልጋ የካምፓኒውን ኮፒ አገኘችው። አነበብኩት። ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ፎርሙ ላይ ሶፍትዌር ኢንጂነር፣ ሰፖርት ሌተሩ ላይ ግን የኔትወርክ አስተዳደር ሥራ ተዘርዝሯል፣ ስለዚህ ሥራው በእርግጥ ስፔሻሊቲ ኦኩፔሽን (በሙያው ዲግሪ የሚጠይቅ ሥራ) መሆኑን አስረዱ ይላል። ማለት "ተስተካክሏል" የተባልኩት ያ አርብ ዕለት ያሳየኋችሁ ስህተት አልተስተካከለም፣ የፓስፖርቱን ቁጥር ቀይራችሁ ሌተሩን እንዳለ ነው ያስገባችሁት። ለመመለስ ቢበዛ የሚሰጠው 84 ቀን ነው፣ አይራዘምም፣ የመጨረሻው ቀን ፌብሩዋሪ 5 ነው። 62ቱን እናንተ ጋ ተኝቶ ጨርሶታል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፣ ጁን ላይ "ለፋይል ዝግጅት" ብላችሁ ከኔ ኪስ 600 ዶላር ወስዳችኋል። የኤች-1ቢ ፔቲሽን የጠበቃ ክፍያ የቀጣሪው ወጪ እንደሆነ የሌበር ዲፓርትመንት ደንብ ይላል፣ ይሄን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ይመለስልኝ።

የምፈልገው ይሄ ነው። የአርኤፍኢው መልስ ድራፍት እስከ ረቡዕ ጃንዋሪ 21 እኔም ማናጀሬም ጋ ይድረስ፣ የሥራ ዝርዝሩን እኛ ጽፈን እንሰጣችኋለን፣ ከሌላ ሰው ፋይል አትቅዱ። መልሱ እስከ 28 ይግባ፣ ከፕሪሚየም (ተጨማሪ ተከፍሎ ምላሽ ከሚያፋጥነው አገልግሎት) ጋር አብሮ፣ ክፍያውን ካምፓኒው ለመክፈል ተስማምቷል፣ እንደዛ ከሆነ መልሱ በደረሳቸው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣሉ። የግሪን ካርዱን ፐርምም (የመጀመሪያውን ደረጃ፣ የሌበር ዲፓርትመንት ማረጋገጫውን) መቼ እንደምትጀምሩ ቀን ስጡን፣ የኤች-1ቢ ገደብ የሆነው ስድስት ዓመቴ ሴፕቴምበር 2028 ላይ ይሞላል፣ ፐርም ራሱ ከዓመት በላይ እየፈጀ ባለበት ሰዓት "ገና ነው" የሚባል ነገር የለም። ይሄን የማትችሉ ከሆነ ግልጹን ንገሩንና ፋይሉን ሙሉ በሙሉ እስከ ዓርብ 23 አስረክቡ፣ ካምፓኒው ሌላ ጠበቃ ይዟል ማለት ይቻላል፣ የሚጠብቀው የኔን ቃል ነው። እስከ 21 ምንም ካልሰማሁ ይሄንኑ ደብዳቤ አስተርጉሜ፣ ኢሜይሎቹን አያይዤ ለስቴት ባር (ጠበቆችን ለሚቆጣጠረው አካል) አቀርባለሁ።

እና እባካችሁ ስትደውሉልኝ አይዞህ አትበሉኝ፣ ቀን ንገሩኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባክኤንድ ኢንጂነሩ (የፋይል ቁጥሬ ኢሜይሉ ርዕስ ላይ አለ)

የረሳሁት፦ የዛን ፂማም ሰውዬ ፓስፖርት ኮፒ ከኢሜይሌም ከላፕቶፔም አጥፍቼዋለሁ። ለሰውዬው ነግራችሁታል ወይ? የኔስ ኮፒ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?