ወንዝ ዳር ቤት ላላችሁ ደንበኞቻችን፦ የጎርፍ ሽፋን የሚከፍለውና የማይከፍለው

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ በቤት መድን ውላችሁ ውስጥ ስላለው ወይም ስለሌለው የጎርፍ ሽፋን

ውል የማደሻ ጊዜ ሲደርስ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ «ቤቴ መድን አለው፤ ወንዙ ቢሞላና ቢገባብኝ ይከፈለኛል?» የሚል ነው። ሽፋኑ ለብቻው ካልተጨመረ በአብዛኛው አይከፈልም። የቤት መድን በመሠረቱ የእሳትና የመብረቅ ውል ነው፤ ጎርፍ ተጨማሪ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎበት በስሙ ሲጻፍ ብቻ ይገባል። ስለዚህ ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ከመሄዳችሁ በፊት ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና የመጨረሻ ገጾቹን እዩ። «ጎርፍ» የሚለውን ቃል «የማይሸፈኑ ጉዳቶች» ከሚለው ርዕስ ሥር ካገኛችሁት፣ ወይም ጨርሶ ካጣችሁት፣ ሽፋን የላችሁም ማለት ነው።

ሽፋን ያላችሁም ብትሆኑ ነገሩ እዚያ አያበቃም። ሳሎን ውስጥ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ተኝቷል እንበል። ምንጣፉ ርሷል፣ የቁም ሳጥኑ እግር አብጧል፣ የፍሪጁ ሞተር ተበላሽቷል። ካሳው የሚታየው ውሃው በገባበት መንገድ ነው። የማዕድ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ከሆነ ብዙ የቤት ውሎች «የቧንቧ መፈንዳት» ብለው ይከፍላሉ። ነፋስ ቆርቆሮ ገልቦ ዝናብ ከላይ ከወረደ የአውሎ ነፋስ አንቀጽ ይነበባል። ወንዙ ሞልቶ በግቢ በር ከመጣ ጎርፍ ነው። በሻወር ቤት ወለል ማፍሰሻ ሽቅብ ከወጣ የፍሳሽ መመለስ ይባላል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የራሱን ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቃል። ከመሬት በታች ያለ ውሃ በወለል ስንጥቅ እያዘገመ ሲመነጭስ? ይህን የሚሸፍን ውል እምብዛም አይገኝም። መድን የሚገባው ለድንገተኛ ነገር ስለሆነ፣ የጉዳት ገማቹ «ቀስ በቀስ የደረሰ» ብሎ የጻፈው ጉዳት ካሳ አያስገኝም።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ ከመታ በኋላ የሆነውን ይመልከት። ቤቱን ያፈረሰው ነፋሱ ነው ወይስ ውሃው በሚል ክርክር ብዙ የቤት ባለቤቶችና መድን ሰጪዎች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል፤ የነፋስ ውልና የጎርፍ ውል የተለያዩ ነበሩና። በዚያው አገር የመንግሥት የጎርፍ መድን ፕሮግራም ትርጉም መሠረት፣ ውሃ «ጎርፍ» የሚባለው ሌላ ጊዜ ደረቅ የሆነን ቢያንስ 8,000 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ይዞታዎችን ሲያጥለቀልቅ ነው። የራሳችሁ የጣሪያ አሸንዳ ተደፍኖ የራሳችሁን ግቢ ብቻ ቢሞላ በዚህ ትርጉም ጎርፍ አይደለም። የእናንተ ውል ምን ብሎ እንደሚተረጉም ከራሱ ከውሉ አንብቡ፤ ትርጉሙ የሚገኘው አብዛኛው ሰው ዘልሎት በሚያልፈው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው።

«እኛ ሰፈር እኮ የመቶ ዓመት ጎርፍ ነው የሚባለው፤ አያቶቻችን ያዩት» የሚሉንም አሉ። ስያሜው ራሱ ያሳስታል። የመቶ ዓመት ጎርፍ ማለት በእያንዳንዱ ዓመት 1 በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጣ ማለት የሚቀጥለው 99 ዓመት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ይሆናል፣ ከአራት ቤት አንዱ እንደማለት። በጀርመን የኮሎኝ ከተማ የራይን ወንዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 በመለኪያው ላይ 10.63 ሜትር ደረሰ። ከ13 ወር በኋላ፣ በጥር 1995፣ ተመልሶ 10.69 ሜትር ላይ ቆመ። በካርታ ላይ የተሰመረ የጎርፍ ወሰንም ቢሆን የሚሠራው ካለፈ መዝገብ ነው፤ ከላይኛው ተፋሰስ አስፋልት ሲበዛ፣ ወንዙ ዳር አፈር ሲሞላና ድልድይ ሲጠብ ወሰኑ ይለወጣል። የወንዝ መከላከያ ግንብ ያለበት ሰፈርም ጎርፍ የሚያየው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ግንቡ የተደረመሰ ቀን የሚገባው ውሃ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል።

ከካርታው ይልቅ የሚጠቅማችሁ አንድ ልኬት አለ፤ የበራችሁ ደፍ ከጥንቱ የጎርፍ ምልክት ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል? ምልክቱ ሩቅ አይደለም። በድልድይ ምሰሶ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ የሽቦ አጥር ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ሣር፣ በአሮጌ ግንብ ላይ ያለ ቡናማ ቀለበት፣ ካልሆነም የሰፈሩ ሽማግሌ «እስከዚህ ደርሷል» ብለው የሚጠቁሙት ደረጃ ይበቃል። ከዚያ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚይዙትን ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ጎማ 20 ሜትር ያህል አግኙ። ውሃ ሙሉበት፤ በውስጡ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ይዋሻልና ጎማውን እያነሳችሁ አረፋውን አስወጡ። አንዱን ጫፍ ምልክቱ ዘንድ፣ ሌላውን ደፉ ዘንድ ያዙ፤ የሁለቱም ጫፍ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ርቀቱ ከጎማው ከበለጠ ችካል እየተከላችሁ በየደረጃው አሻግሩት። ደፉ ከምልክቱ 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ያው ጎርፍ ቢመለስ ሳሎናችሁ ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቆማል። ይህ ቁጥር ስለ ዓረቦን ስትነጋገሩ ማስረጃ፣ ቤቱን ስታዘጋጁ ደግሞ መነሻ ነው። ቤቱ ከዚህ በፊት ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ ግን በማመልከቻው ላይ አትደብቁ። ዓረቦኑ ይጨምር ይሆናል፤ የተደበቀው የተገኘ ቀን ግን ውሉ ራሱ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ካሳ የሚቀንሰው ከማይሸፈኑ ጉዳቶች ዝርዝር ይልቅ ዝቅ ብሎ በተጻፈ የመድን መጠን ነው። መጻፍ ያለበት ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚፈጀው ወጪ እንጂ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም፤ መሬት ጎርፍ አይወስደውምና የመሬት ዋጋ አይገባበትም፣ ፍርስራሽ የማንሳት ወጪ ግን ይገባል። እንደገና ለመሥራት 100 የሚፈጅን ቤት ዓረቦን ለመቆጠብ ብላችሁ በ60 አስገምታችሁ 20 ጉዳት ቢደርስ፣ 20 አይከፈላችሁም። ቤቱ ከተገመተበት ድርሻ፣ ማለትም ከ60 በመቶው አንጻር ተመጥኖ 12 ይሆናል፤ ተቀናሹ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጉዳት እናንተ ራሳችሁ የምትሸከሙት ድርሻ፣ ደግሞ ከዚያ ላይ ይነሳል። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት ጊዜ ከሦስት ዓመት በፊት ልክ የነበረ መጠን ዛሬ ልክ አይሆንም።

ተቀናሹንም ጠይቁ፤ በተለይ በመቶኛ የተጻፈ ከሆነ ከምን ላይ እንደሚሰላ። ከጉዳቱ ላይ 2 በመቶ እና ከመድን መጠኑ ላይ 2 በመቶ እጅግ ይለያያሉ። የኋለኛው ከሆነ፣ በ100 የተገመተ ቤት 1.5 ጉዳት ቢደርስበት ምንም አይከፈልም። ሌላው የሰዓት አንቀጽ ነው። ብዙ ውሎች በ72 ሰዓት ውስጥ የደረሰን የጎርፍ ጉዳት ሁሉ እንደ አንድ አደጋ ይቆጥራሉ። ውሃው ማክሰኞ ገብቶ፣ ረቡዕ ጎድሎ፣ ሐሙስ ቢመለስ አንድ ተቀናሽ ብቻ ይያዛል፤ ሰኞ ቢመለስ ሁለተኛ። የቤት ዕቃችሁ ደግሞ በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶለት የሚካሰው? ውሉ ዝም ካለ እርጅና ይቀነሳል ብላችሁ አስቡ። መኪና የራሱ ውል አለው። ምድር ቤት (ከመሬት በታች ባለ ክፍል) የተቀመጠ ዕቃ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ አጥርና አትክልት ብዙውን ጊዜ ከውጭ ይቀራሉ።

ደመና አይቶ ሽፋን መግዛት አይሠራም። ከላይ ያነሳነው የአሜሪካ ፕሮግራም በመደበኛው አሠራር 30 ቀን ካላለፈ ሽፋኑን አይጀምርም፤ ሌሎች መድን ሰጪዎችም ብዙ ጊዜ የወንዙ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ አዲስ የጎርፍ ሽፋን አይቀበሉም።

ቤቱን በተመለከተ ቅድሚያ የምንሰጠው ብዙ ሰው ለሚረሳው ነገር ነው። ወንዙ ገና ደፍ ሳይደርስ የፍሳሽ መስመሩ ይሞላል። ሽንት ቤቱ ማጉረምረም ይጀምራል፣ የሻወሩ ወለል ማፍሰሻ አረፋ ይተፋል፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ ከቤቱ መሐል ይነሳል፤ በሩን በጆንያ የዘጋ ሰው ከጀርባው ይያዛል። መፍትሔው ከግቢ በሚወጣው ዋናው የፍሳሽ ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ውሃን ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ነው። መዝጊያው ምላስ ላይ ፀጉርና ቅባት ከተጋገረ ግን አይገጥምምና ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ ክዳኑ ተከፍቶ ይታጠብ። ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት የራሳችሁም ፍሳሽ መውጫ ስለሌለው ሻወርና የልብስ ማጠቢያ አትጠቀሙ።

በር ላይ የሚደረደር የአሸዋ ጆንያ እስከ አፉ አይሞላም። ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሞልታችሁ አፉን ከሥር አጥፉት፤ ጠጥሮ የተሞላ ጆንያ እርስ በርሱ ስለማይገጥም ውሃ በመሐል ያልፋል። እንደ ጡብ አጠላልፋችሁ ደርድሩ፣ እያንዳንዱን ድርድር ርገጡት፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ወፍራም ላስቲክ አልብሱት። ለብቻው የሚቆም የጆንያ ግድብ ከሆነ የሥሩ ስፋት የቁመቱን ሦስት እጥፍ ይሁን።

ምን ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትዘጋላችሁ? እዚህ ላይ ትጋት ራሱ ጉዳት ያመጣል። የቆመ ውሃ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በአንድ ሜትር የግድግዳ ስፋት ላይ 180 ኪሎ ያህል ይገፋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ በ1.20 ሜትር 720 ኪሎ ይሆናል። አራት ሜትር ስፋት ያለው የብሎኬት ግድግዳ በዚህ ከፍታ ወደ 2,900 ኪሎ የጎን ግፊት ይሸከማል፣ የተሠራው ግን ከላይ የሚመጣ ክብደት ለመቻል ነው። የቤት ጎርፍ መከላከያ መመሪያዎች ከ60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በላይ ውሃውን ማስገባት ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው። ከውስጥ የገባው ውሃ ከውጭ ያለውን ይመክታል። የረጠበ ወለል ይታጠባል፤ የተናደ ግድግዳ ግን እንደ አዲስ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ ግን ውሃው ሳይደርስ ከዋናው ብሬከር ይጥፋ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ብሬከር መንካት ፈጽሞ አይሞከርም።

ውሃው ሲጎድል ቸኩሎ ማጽዳት ያምራል። መጀመሪያ ግን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የውሃውን መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ሜትር አጠገቡ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። የጂፕሰም ግድግዳና የቺፕውድ ቁም ሳጥን ውሃን ሽቅብ ስለሚስቡ ጉዳቱ ከመስመሩ በላይ ይዘልቃል፤ ያንንም ለይታችሁ አንሱ። የፍሪጁን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የፓምፑን መለያ ቁጥር መዝግቡ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ስለሚጀምር እርጥብ ምንጣፍና ፍራሽ እስከ ገማቹ መምጣት ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ውጭ አውጡት፣ ሊጣል ግድ ከሆነም ከምንጣፉ በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አስቀሩ። ጭቃውን ሳይደርቅ እጠቡ፤ ከደረቀ በኋላ በዶማ ነው የሚነሳው። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዙ፤ ጉዳት እንዳይብስ ያወጣችሁት ወጪም ብዙ ጊዜ ይካሳል።

ምድር ቤት ያላችሁ ፓምፕ አግኝታችሁ በአንድ ሌሊት አታድርቁት። ውጭ ያለው አፈር ገና በውሃ የተሞላ ስለሆነ የውስጡ ግፊት ድንገት ሲነሳ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉም ይነሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አውጡ፣ ደረጃውን አስምሩ፣ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። በማግስቱ ከመስመሩ በላይ ተመልሶ ካገኛችሁት ጊዜው ገና ነው። በቀለምና በልስንም አትቸኩሉ፤ ግድግዳ እጅ ሲነካው ደረቅ መስሎ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ በላዩ የተቀባው ቀለምም ይላጣል።

ለገማቹ የምትሰጡት ቃል ውሃው በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ የት እንደደረሰ በትክክል የሚናገር ይሁን። «ጎርፍ ገባ» ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ የመጀመሪያው ውሃ ከፈነዳ ቧንቧ እንደነበር ማስረዳት አድካሚ ነው።

ውላችሁን ለማደስ ስትመጡ የደፉን ልኬት፣ የፍሳሽ መስመራችሁ ቫልቭ ያለው መሆን አለመሆኑንና የእያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሁለት ፎቶ ይዛችሁ ኑ። የመድን መጠኑን አብረን እናሰላለን፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል