ስለ ናሚብ በረሃ ስትጽፉ ሰዎቹን አትርሷቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በጉዞ ገጻችሁ ስለ ናሚብ በረሃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ጋዜጣ ብዙ ሰው ነው የሚያነበው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እኔ ጋ ሲደርስም ጠርዙ ተጣጥፎ ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ደቡባዊ አፍሪካ በረሃዎች በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ገጹን ይዤው ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹም ወደዱት። ግን አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል፣ የጻፍኩላችሁም ለዚሁ ነው። አሸዋው አለ፣ ኮከቡ አለ፣ ዝሆኑ አለ። ሰው የለም።

መጀመሪያ ስለ በረሃው ራሱ ትንሽ ልበል፣ እሱም ቢሆን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ናሚብ፣ በአብዛኛው ናሚቢያ በምትባለው አገር የአትላንቲክ ዳርቻ ላይ የተዘረጋው በረሃ፣ በዓለም ላይ ካሉ በረሃዎች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ደረቅ ሆኖ የኖረ ምድር። ደረቅ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ባሕሩ ነው። ቤንጉዌላ የሚባል ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት ከደቡብ ተነስቶ የአትላንቲክን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፣ በላዩ ያለውን አየርም ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ወደ ላይ አይወጣም። ወደ ላይ ካልወጣ ዝናብ አይሆንም፣ ጉም ሆኖ ነው ወደ በረሃው የሚገባው። እዚያ ያለው ፍጥረት ግማሹ የሚኖረው በዚህ ጉም ነው ማለት ይቻላል። ጣርማ በርን በማለዳ የተሻገረ ሰው ጉም ልብስ እንደሚያርስ ያውቃል፣ ስለዚህ ተማሪዎቼ ይሄን ለመረዳት አልተቸገሩም። በጣም የገረማቸው ጢንዚዛዋ ናት። ጉም ባለበት ማለዳ ወደ አሸዋው ጫፍ ትወጣለች፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ኋላዋን ወደ ላይ አንስታ ትቆማለች። ጉሙ ጀርባዋ ላይ እየተጠራቀመ ጠብታ ይሆናል፣ ጠብታውም ተንከባሎ አፏ ይደርሳል። በቃ፣ ውኃ ጠጣች። ዌልዊችያ የሚባለው ተክልም አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሚያወጣው ሁለት ቅጠል ብቻ ነው፣ ነፋሱ እነዚያኑ እየተረተረ ብዙ ያስመስላቸዋል እንጂ ሁለት ናቸው፣ ከሺህ ዓመት በላይም ይኖራል።

ፎቶውን ያወጣችሁት ዴድቭሌይ የሚባለው ቦታ እውነትም ጉድ ነው። በቀይ አሸዋ ተራራ የተከበበ ነጭ የሸክላ ሜዳ ነው፣ ከዙሪያው ተራሮች ትልቁ ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል። ጻውቻብ የሚባል ወንዝ በጎርፍ ጊዜ እስከዚያ ይደርስ ነበር። በኋላ አሸዋው መንገዱን ዘጋበትና ግራሮቹ ደረቁ። ይሄ ከሆነ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፣ ዛፎቹ ግን ዛሬም እንደቆሙ ናቸው፣ አየሩ ከመድረቁ የተነሳ እንጨቱ አይበሰብስም፣ ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ። የዘመን ለውጥን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ተነጋግረን ስንጨርስ አንድ ከመንዝ የመጣ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ የሚጠብቀው ማን ነው?» አለኝ። ጋዜጣው ላይ መልስ የለም። ልጁ ከጓሳ አካባቢ ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው ከኖረው የሣር ምድር፣ ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ።

እስቲ ጽሑፋችሁ ወደዘለላቸው ሰዎች ልምጣ።

ኮልማንስኮፕን «በአሸዋ የተዋጠች ውብ ከተማ» ብላችሁ አልፋችኋታል። ውብ መሆኗን አልክድም። አሸዋው በመስኮት ገብቶ ክፍሎቹን እስከ ወገብ ሞልቷቸዋል፣ በሩ እንደተከፈተ አሸዋ ይዞት ቀርቷል፣ ግድግዳው ላይ ያ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም አሁንም ይታያል። ግን ይቺ ከተማ እንዴት ተፈጠረች? እ.ኤ.አ. በ1908 ዘካሪያስ ሌዋላ የሚባል ጥቁር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከሉደሪትዝ ወደብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሐዲዱን የሸፈነውን አሸዋ ሲጠርግ አንዲት የምታብለጨልጭ ድንጋይ አነሳ። ለአለቃው ለጀርመኑ አውጉስት ሽታውክ ወስዶ ሰጠው። አልማዝ ሆና ተገኘች። ሽታውክ ሀብታም ሆነ፣ ሌዋላ ምንም አላገኘም። ከዚያ በኋላ ነው በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ሆስፒታሉ፣ የዳንስ አዳራሹ፣ የበረዶ ፋብሪካው ሳይቀር የተሠራው። ከሰሜን በኮንትራት የመጡት የኦቫምቦ ሠራተኞች በበኩላቸው ታጥረው ነበር የሚኖሩት። ወደ ደቡብ የተሻለ አልማዝ ሲገኝ ሰዉ ቀስ በቀስ ለቀቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ከተማዋ ባዶዋን ቀረች። ሌዋላ የሌለበት የኮልማንስኮፕ ታሪክ ለእኔ የፎቶ መግለጫ ነው፣ ታሪክ አይደለም።

ከዚያች ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ባሕሩ ሲወረድ ሉደሪትዝ ነው። እዚያ ወደቡ አጠገብ ሻርክ ደሴት የሚባል ድንጋያማ መሬት አለ። እናንተ «ነፋሻማ የካምፕ ቦታ» ብላችሁ አንድ መስመር ሰጥታችሁታል። በእርግጥም ዛሬ ጎብኚ ድንኳን ይተክልበታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 የጀርመን ቅኝ ገዥዎች የሄሬሮና የናማ ሕዝብን ያጎሩበት ካምፕ ነበር። በብርድ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ ብዙዎች እዚያው አልቀዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1904 ሄሬሮዎቹን በምሥራቅ በኩል ወደ ኦማሄኬ፣ ማለት ወደ ካላሃሪ በረሃ ነድተው ነው የፈጇቸው። ጄኔራል ፎን ትሮታ የማጥፊያ ትዕዛዝ አወጣ፣ ወታደር የውኃ ጉድጓዶቹ ላይ ቆመ፣ ሰው ከነልጆቹና ከነከብቱ በጥም አለቀ። ጎብኚ ፀጥታውን ፈልጎ የሚሄድበት በረሃ የዚያን ጊዜ መግደያ ነበር። ጀርመን ድርጊቱ የዘር ማጥፋት መሆኑን በይፋ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ናሚቢያም ግንቦት 20ን፣ በእነሱ ሜይ 28፣ የመታሰቢያ ቀን አድርጋ ወስና እ.ኤ.አ. በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ አስባዋለች። ይሄ የመቶ ዓመት የቆየ ተረት አይደለም፣ የዛሬ ፖለቲካቸው ነው። አንድ ሰው ያንን ደሴት ሊያይ ከሄደ ምን ላይ እንደቆመ ማወቅ አለበት።

ለምን ይሄን ያህል ነደደህ የሚል አንባቢ ይኖራል። የእኛው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት አለላችሁ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይን አርበኞች የተከተሉ ቤተሰቦች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ እዚያ ያለ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ሳለ የፋሽስት ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ ከወጡት ወንዶቹን ረሸኗቸው። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታው ድረስ ሄዶ ስላጠናው ዓለም ወሬውን ሰማ። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቀዋል፣ የሞቱት የራሱ ሰዎች ናቸውና። ነገ አንድ የውጭ ጋዜጣ ዘረትን «አስደናቂ የተፈጥሮ ዋሻ» ብሎ ቢያልፈው ምን ይሰማናል? ለናማና ለሄሬሮ የልጅ ልጆችም የእናንተ አንድ መስመር እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ጠባቂው ማን ነው?

ናሚቢያ ውስጥ ከመንግሥት ፓርኮች ውጭ ያለውን ብዙ መሬት የሚጠብቀው እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ በኩል ድርቁም አዳኙም በርትቶ ዝሆኑና አውራሪሱ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ያኔ ጋርዝ ኦወን-ስሚዝ የሚባል የዱር እንስሳት ባለሙያ ከአካባቢው አለቆች ጋር ተመካከረና አለቆቹ ራሳቸው ከሰዎቻቸው መካከል ጠባቂ መረጡ። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ፣ ዱካ የሚለይ ሰው፤ አንዳንዱም ቀድሞ አዳኝ የነበረ። ነፃነት ከመጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ ወጣ፤ አንድ ማኅበረሰብ ወሰኑን ለይቶ፣ አባላቱን መዝግቦ፣ ኮሚቴ መርጦ ከቀረበ በመሬቱ ላይ ካለው የዱር እንስሳና ከጎብኚው የሚገኘውን ገቢ ራሱ ያስተዳድራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአራት እንዲህ ያሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታዎች የተጀመረው ዛሬ 86 ደርሷል፣ የአገሪቱን መሬት አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናል። ችግር የለበትም አልልም። ዝሆን የውኃ ቧንቧ ይሰብራል፣ አንበሳ ከብት ይበላል፣ ገንዘቡም ሁሉም ቤት እኩል አይደርስም። ግን ሰውየው ያንን አውራሪስ የእኔ ነው ይላል። ትዊፈልፎንቴይን ብትሄዱም የምታዩት ይሄንኑ ነው። ከ2,000 በላይ የዓለት ላይ ቅርጻ ቅርጾች ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው። የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ ሳይዙ መግባት የለም። ከባሕሩ ሩቅ በሆነ በረሃ መካከል ድንጋዩ ላይ ፔንግዊንና አቆስጣ የተቀረጹት ለምን እንደሆነ፣ ሳን የሚባሉት የጥንት አዳኝ ሕዝቦች ውኃና አደን ተከትለው እስከ ባሕር ይመላለሱ እንደነበር የሚያስረዳችሁ እሱ ነው።

እኛ ጋ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ጓሳ ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ቄሮ በሚባል የመንዝ ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ተጠብቋል። አስቦና ጌራ የሚባሉት አባቶች ተወላጆች አለቃ ይመርጡ ነበር፣ ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፣ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፣ ቀድሞ የገባ ይቀጣል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር፣ ለበጋ የሚሆነው ግጦሽ የተረፈው በዚህ ነው፤ ጭላዳውም፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ዛሬ እዚያ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሁሉም እየገባ ያጭድ ጀመር። ቆየት ብሎ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው። ያ ልጅ ያደገው ይሄን እየሰማ ነው። የናሚብ ሰዎች ታሪክ ጋዜጣው ላይ ቢኖር ኖሮ በአንድ አፍታ የራሱን አያት ያይበት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። የናሚብን ጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል አውጡልን። ሌዋላ ይግባበት፣ ሻርክ ደሴት ይግባበት፣ ጠባቂዎቹ ይግቡበት። አሸዋውና ኮከቡ ይቅር አላልኩም፣ እነሱንም ወድጃቸዋለሁ።

ስለ ራሳችን አካባቢ ስትጽፉም እንደዚሁ አድርጉ። ጓሳ ላይ ከቀበሮው ፎቶ ጎን ጠባቂውን አናግሩት፤ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ክረምት ሲመጣ ምን ለብሶ እንደሚያድር፣ ጎብኚ በጠፋበት በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ ኮሚቴው እንዴት እየቆየ እንደሆነ ጠይቁት። አንኮበር ላይ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ቦታ ስታነሱ የዛሬዎቹን የአንኮበር ገበሬዎች አትዝለሏቸው፣ ጎብኚው የሚረግጠው መንገድ በማሳቸው ዳር ነው የሚያልፈው። እኔ ራሴ ተማሪ ይዤ አንድ የታሪክ ቦታ ሄጄ ቲኬት ቆርጠን ገብተን የሚያስረዳን ሰው አጥተን ተመልሰናል፤ ቦታውን የሚያውቁት አዛውንት ግን በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጠይቁኝ የሚል ፊት ይዘው፣ ማንም ሥራ አልሰጣቸውም።

ከሁሉ በፊት ግን ዘረት። ወላጆቻቸው ከዚያ ዋሻ የተረፉላቸው ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። መንገዱ በሚፈቅድላችሁ ጊዜ ጋዜጠኛ ላኩ፣ ቀድመው እነሱን ያናግር፣ ስማቸውንና የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ከነፈቃዳቸው ጽፋችሁ አውጡ። ያን ዕትም ለክፍሌ በሙሉ የምገዛው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ