ስለ ቆየ ቢራ ለጻፋችሁት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሰሞኑን ስለ ቢራ ያወጣችሁትን ጽሁፍ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን መሃሉ ላይ ቢራ ከቆየ አበቃለት፣ ጠላም የሚኮመጥጠው አጠማመቁ ኋላቀር ስለሆነ ነው ትላላችሁ። እሱ አናደደኝና ነው ይሄን የምጽፈው።

በፋብሪካ ቢራ ልክ ናችሁ፣ ሙቀት ላይ ከከረመ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ግን ቢራ ሁሉ አንድ አይደለም እኮ። ቤልጂየም ብራሰልስ አካባቢ ላምቢክ የሚሉት አለ፣ ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ ይጠምቁታል፣ ከተቀቀለ በኋላ ሰፊ ገበታ ላይ አፍስሰው ሌሊቱን በብርድ ያሳድሩታል፣ እርሾ አይጨምሩም፣ ከአየሩና ከቤቱ የሚገባው ነው የሚያፈላው። ከዛ ኦክ ከሚባል እንጨት በተሰራ በርሜል ውስጥ ይተኛል፣ አንዳንዱ ሦስት ዓመት! የሚጠምቁትም በብርዱ ወራት ብቻ ነው፣ በሙቀት ጊዜ የማይፈለገው ባክቴሪያ ስለሚበዛባቸው። የኛ የህዳር ውርጭ ባቄላ ከመፍጀት ሌላ ስራ ያለው አይመስለኝም ነበር።

በርሜሉ ውስጥ መጀመሪያ ባክቴሪያው ያኮመጥጠዋል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ይነሳና የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታ ያመጣል፣ በክፉ አትዩት፣ ቢራውን ቢራ የሚያደርገው እሱ ነው ይላሉ ወዳጆቹ። ይሄን እርሾ እ.ኤ.አ. በ1904 ስም የሰጠው ክላውሰን የሚባል የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ተመራማሪ ነው፣ የእንግሊዞች የቆየ ቢራ ጣዕሙን ከየት እንደሚያመጣ ሲፈልግ።

ትልቁ ሙያ ግን መቀላቀሉ ነው። በርሜል ለበርሜል አይመሳሰልም፣ ቀላቃዩ ከያንዳንዱ እየቀዳ ይቀምሳል፣ አቼቶ የሆነውን ይደፋል፣ ከዛ የአንድ ዓመቱን ከሁለትና ከሦስት ዓመቱ ጋር ያዋህዳል። ልጁ ቢራ ያልጨረሰው ስኳር ስላለው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ፈልቶ አረፋ ይሰጣል፣ ሽማግሌው ደግሞ ጣዕሙን። ገዝ የሚሉት ይሄ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት። እማዬ ጣርማበር ነው ያለችው፣ ጋኑን በወይራ አጥና አጥና ድፍድፉን እስከ አንገቱ ትሞላውና አፉን በጭቃ ትመርገዋለች፣ ጭቃው ሲደርቅ ስንጥቅ ካየች በጣቷ ውሃ ነክራ ትደፍነዋለች፣ በቀን ሁለቴ ሄዳ ታያለች። እንዲህ የተያዘ ከጥምቀት ፋሲካ ይደርሳል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ዓምና በሰማያዊ ፕላስቲክ በርሜል ሞከርኩ፣ እስከ ግማሹ ሞልቼ ክዳኑን ላላ አድርጌ ሁለት ወር ተውኩት፣ ስከፍተው ሽታው አይን ያስለቅሳል። እማዬ ቀመሰችና "አንተ ልጅ፣ ግማሹን አየር አጠጥተኸው ምን ልትጠጣ ነው?" አለችኝ። ቤልጂየሞቹም የሚሉት ያንኑ ነው፣ በርሜሉ በእንጨቱ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል፣ ባዶ ቦታ ከበዛበት ግን አቼቶ ነው የሚሆነው፣ ለዛ ነው ሞልተው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ የኮመጠጠው የኔ ነው እንጂ የእማዬ አይደለም፣ ኋላቀር የምትሉት ካለ እኔን በሉኝ፣ በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለምን። አሜሪካኖች ቡርቦን ውስኪያቸው አዲስ፣ ውስጡ በእሳት የተለበለበ ኦክ ውስጥ እንዲገባ ህግ ስላላቸው አንዴ የተጠቀሙበትን በርሜል ለቢራ ጠማቂ ይሸጡታል፣ አንዱ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። እኛ ጋ ያን ያህል እንኳን አልፈልግም፣ ወይን ጠጅ የነበረበት ትንሽ የእንጨት በርሜል የሚሸጥ አንባቢ ካለ በናንተ በኩል ያሳውቀኝ። ለጌጥ በረንዳ ላይ ቆሞ የደረቀ ከሆነ ግን ይቅር፣ ጣውላው ስለሚኮማተር ያፈሳል።

አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን